ዘፈን ተከትለው ለሚጓዙ ሁሉ፤ የገና መልእክት ከደሴ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እናንተም በወሎ ወግ ከድፎ ዳቦውና ከቡናው እንደማትቀሩ አውቃለሁና እንኳን አብሮ አደረሰን። በሩቅ ሀገር ሆናችሁ የጦሳን ጉም የምትናፍቁ፣ በዓሉን በሥራ ገበታ ላይ የምታሳልፉ፣ ቤተሰብ አጠገባችሁ የሌለ ሁሉ፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

በዚህ ሰሞን ወሎ መንገድ ላይ ነው። ወደ ላሊበላ የሚሄደው ምዕመን ነጠላውን ተከናንቦ፣ ዱላውን ጨብጦ፣ በሶና ቆሎውን ቋጥሮ በየአቀበቱ ይታያል። መኪና ቆሞለት እንኳ «እግዜር ይስጥልኝ፣ በእግሬ ብዬ ተስያለሁ» ብሎ የሚያልፍ አለ። የሚሄደው በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ግማሾቹ ከቋጥኙ አናት፣ ግማሾቹ ከታች ከግቢው ሆነው «ቤዛ ኩሉ» እያሉ ሲያሸበሽቡ ለመስማት ነው። ያ ዝማሬ በቴሌቪዥንም ይተላለፋል። ሆኖም ቤቱ ቁጭ ብሎ ያየውና በእግሩ ሄዶ የሰማው ሰው አንድ ዝማሬ ሰሙ ለማለት እቸገራለሁ።

ዘንድሮ ላነሣላችሁ የፈለግሁት ግን ሌላ ተጓዥ ነው፤ የሚወደውን የሙዚቃ ባንድ እየተከተለ ከከተማ ወደ ከተማ የሚዞረውን። የቅዱሱን ስፍራ ጉዞ ከሙዚቃ ድግስ ጋር ላስተካክል አይደለም፤ አይስተካከሉም። ነገር ግን ድምፅ ለመስማት ብሎ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ለወሎ እንግዳ አይደለም። ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ የሚተመው ሕዝብ መንዙማው ላይ ለመድረስ ስንት ወንዝና ጋራ ያቋርጣል። ማሪቱ ለገሰን ያየንበት የላሊበላ የኪነት ቡድንም በየከተማው ሲዞር ከኋላው የሚከተለው ወጣት ብዙ እንደነበር ታላላቆቻችን እስከ ዛሬ ያወራሉ።

በዓለም ላይ በዚህ ነገር ስማቸው የገነነው የግሬትፉል ዴድ አድናቂዎች ናቸው። ይህ የአሜሪካ ሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1965 ካሊፎርኒያ ውስጥ በፓሎ አልቶ ተመሠረተ፤ ጊታር ተጫዋቹና ድምፃዊው ጄሪ ጋርሺያ በነሐሴ 1995 እስካረፈ ድረስ በሠላሳ ዓመት ውስጥ 2,300 ያህል ጊዜ መድረክ ላይ ወጥቷል። ዴድሄድስ የሚባሉት አድናቂዎቹ አሮጌ አውቶቡስና ቮልስዋገን ሞልተው ከግዛት ግዛት ይከተሉት ነበር። በየስታዲየሙ የመኪና ማቆሚያ ገበያ ይቆማል፤ አንዱ ምግብ ያበስላል፣ ሌላው በቀለም የተነከረ ካናቴራ ይሸጣል፣ በሽያጩ የነገው ቤንዚንና የነገው ትኬት ይገዛል። ትኬት ያጣ ሰው አንድ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ በሕዝቡ መካከል ይዞራል፤ ትርፍ ያለው የማያውቀው ሰው ቀርቦ በነፃ እጁ ላይ ያስቀምጥለታል።

እኔን የማረከኝ ግን ብዛታቸው አይደለም፤ ሙዚቃውን ምን እንዳደረጉት ነው። ትናንት የነበረው ሰው ዛሬም ከፊት ቆሞ እያየ ባንዱ የትናንቱን እንዴት ይድገም? ስለዚህ የዘፈኖቹ ዝርዝር በየምሽቱ ይለወጣል፤ አንዱ ዘፈን እንኳ ዛሬ አጥሮ ነገ ሰፊ ጊዜ ይወስዳል፤ መካከሉን በዚያች ሰዓት ያወጡታል። አድማጮቹ ደግሞ ይቀዳሉ። ሌሎች ባንዶች መቅጃ የያዘ ሰው ሲያዩ በጥበቃ ሲያስወጡ፣ እነዚህ እ.ኤ.አ. በ1984 ለቀጂዎች ከድምፅ መቆጣጠሪያው ጀርባ ስፍራ ለዩላቸው። ሕጉ አንድ ነበር፤ መለዋወጥ እንጂ መሸጥ የለም። ካሴት የሌለው ሰው ባዶ ካሴትና የመመለሻ ቴምብር በፖስታ ለማያውቀው ሰው ይልካል፤ ያም ቀድቶ ይመልስለታል። ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ የዚያ ባንድ ምሽቶች ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነፃ የሚገኙት በእነዚያ ሰዎች ትጋት ነው። እኔም ደሴ ሆኜ፣ መብራት ባለበት ማታ፣ እነሱ የቀዱትን እሰማለሁ። ካሴት ከወዳጅ ተውሶ አስቀድቶ ለሌላ ያቀበለ የእኔ ዘመን ሰው ይህን ደስታ ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል።

ከእነዚያ ቅጂዎች አንዱ በመስከረም 1978 እ.ኤ.አ. ግብፅ ውስጥ፣ ጊዛ ላይ በፒራሚዶቹ ሥር የተጫወቱት ነው። የመጨረሻው ምሽት ጨረቃ ሙሉ በሙሉ የተጋረደችበት ነበር። ኑቢያዊው ሐምዛ ኤል ዲን ከሀገሩ ሰዎች ጋር በድቤና በጭብጨባ ይጀምራል፤ ባንዱ ቀስ በቀስ ከጭብጨባው ሥር ይገባል። አንድ ቀን ይህን ስሰማ እናቴ ከጓዳ ወጥታ «ይኼ የየት ሀገር መንዙማ ነው?» አለችኝ። የአሜሪካ ሮክ ነው ብዬ ላስረዳት አልሞከርሁም። ተቀመጠች፤ እጇ መዳፍ ለመዳፍ እየተገናኘ ጭብጨባውን እስከ መጨረሻው ተከተለችው። የክርስቲያን ልጅ ናት፤ ግን ልጅነቷን ያሳለፈችው መንዙማ በአጥር በሚሰማበት ሰፈር ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ለበዓል ቀን የሚገባ ነውና ልንገራችሁ። ከአድናቂዎቹ መካከል መስማት የተሳናቸው ነበሩ። የራሳቸው ስፍራ ነበራቸው፤ አስተርጓሚ ግጥሙን በምልክት ቋንቋ ይነግራቸዋል፤ እነሱም የተነፋ ፊኛ በሁለት መዳፋቸው አቅፈው ንዝረቱን በቆዳቸው ይቀበላሉ። በዚያ ሰፈር አደንዛዥ ዕፅ ብዙ ሰው አጥፍቷል፣ ይህን መሸፈን አይገባም፤ ከመጠጥና ከዕፅ የራቁት ግን ሙዚቃውን ትተው አልሄዱም። በዕረፍት ሰዓት ቢጫ ፊኛ ወዳለበት ተሰብስበው እርስ በርሳቸው ይበረታቱ ነበር። ማንም እንዳይቀር የሚያስብ ጉባኤ ሳይ ልቤ ይሞላል።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። የምንከተለውን ባንድ ስም አልጠራም፤ የምታውቋቸው ታውቋቸዋላችሁ፣ ወጣቶቹም ስማቸው ከሥራቸው ቀድሞ እንዲሮጥ አይፈልጉም። ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራምና አንድ ማሲንቆ ናቸው። አምባሳልን በሚያጓራ ጊታር ሲጀምሩት መጀመሪያ ሰውነት ይደነግጣል፤ ማሲንቆው ሲገባ ግን የቆየው ዜማ ከነግርማው ብቅ ይላል። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ባቲና አምባሳል በዚሁ በወሎ ምድር ስም የሚጠሩ ናቸው፤ እነዚህ ልጆች ይህን እንደ ርስት ሳይሆን እንደ ኃላፊነት ይዘውታል ባይ ነኝ። ኮምቦልቻ በሆቴል አዳራሽ፣ ሐይቅ በውኃው ዳር፣ ወልድያ፣ አንዳንዴም በሰኞ የገበያ ቀን ባቲ ይጫወታሉ። እኛም ሚኒባስ ተኮናትረን እንከተላለን፤ መምህር አለ፣ ልብስ ሰፊ አለ፣ ነርስ አለች፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ፒያሳ ቡና የምታፈላ እህታችን አለች።

ከደሴ ኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም፤ ግን ቁልቁለቱ ጥምዝምዝ ነው። ደሴ ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረው ሰው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ይሞቀውና አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ ያኖረዋል፤ ጆሮ ይደፈናል፣ ይከፈታል። ክርክሩ የሚጀመረው ያኔ ነው፤ ዛሬ በምን ይከፍታሉ? በባቲ ነው የሚል አለ፣ በትዝታ ነው የሚል አለ፤ ሾፌራችንም ከመሪው ፊቱን ሳያዞር ይፈርዳል። ቡና አፍዪዋ ጀበናዋን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋዋለች፤ ለማንም አትሰጥም።

ይህች እህታችን ናት አንድ ቀን ኮምቦልቻ ላይ፣ በዘፈን መካከል፣ ከመቀመጫዋ ተነሥታ «ተቀበል!» ያለችው። ልጁ ጊታሩን ዝቅ አደረገ። እሷም፦

ከደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁለት ነው ብዬ፣
መመለሱ ከፋኝ አቀበት ሆድዬ።

ልጁ ተቀበላት፤ ደገመው፤ ማሲንቆ መቺው በራሱ መንገድ አዞረው፤ ድራሙ ዘግይቶ ገባ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ሌላ ጊዜ ሐይቅ ላይ ያንኑ ግጥም መክፈቻ አደረጉት፤ የሐይቅ ሰው ግጥሙ ከየት እንደ መጣ ሳያውቅ አብሮ ይዘፍን ነበር፤ እሷ ከእኛ መካከል ቆማ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ትስቅ ነበር። እኔ ከዚያ ወዲህ «አድማጭ» የሚባለውን ሰው ከመድረክ በታች አድርጌ ማየት አልቻልሁም። አዝማሪ ከጥንት ጀምሮ ግጥም የሚቀበለው ከታዳሚው ነው። የአሜሪካው ባንድ በየምሽቱ አዲስ እንዲጫወት ያስገደደውም ይኸው ነው፤ ጆሮው የሠለጠነ፣ ትናንትን የሚያስታውስ፣ ነገም የሚመጣ ሰው። ባንዱን ባንድ የሚያደርገው ገበያው ነው ለሚሉ ወዳጆቼ መልሴ ይህ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ መጥቶ በስልኩ ቀርፆ የሚሄድ ሺህ ሰው፣ ከከተማ ከተማ የሚከተልን አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው አይተካም።

መከተልም ግን ሥርዓት ይፈልጋል። በሐምሌ 1995 እ.ኤ.አ. ኢንዲያና ውስጥ ዲር ክሪክ በተባለው ስፍራ ትኬት የሌላቸው በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አጥሩን ሰብረው ገቡ፤ የማግስቱ ዝግጅት ተሰረዘ። ባንዱ ለአድናቂዎቹ ደብዳቤ ጽፎ ትኬት የሌለው እንዳይመጣ ለመነ። ያን ሳነብ አዝኛለሁ፤ ያን ሁሉ ዓመት በፍቅር የተገነባ ነገር የጎዳው የራሱ ፍቅረኛ ነውና። እኛ ዘንድ አዳራሹ ትንሽ ነው፣ በሩም አንድ ነው። ስለዚህ ተስማምተናል፤ የመግቢያ የሌለው ካለ አዋጥተን እንከፍልለታለን፣ በር የሚገፋ ግን ከእኛ ጋር አይሳፈርም።

ልጆቹ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ የድምፅ ማጉያቸውንና የድራሙን ግማሽ አጥተዋል። ያን ዓመት ብዙ ሰው ከዚያ የከበደ ነገር አጥቷልና እነሱ ስለ ዕቃቸው ለማንም አላወሩም። ማጉያው የተተካው በዚሁ በተከታዮቻቸው መዋጮ ነው፤ አንዱ ሃምሳ ብር፣ አንዱ አምስት መቶ፣ ልብስ ሰፊው ደግሞ ገንዘብ ስለሌለው የአዳራሹን መጋረጃ ሰፋ። ዛሬም መንገዱ እንደ ቀድሞው አይደለም። አንዳንድ ወዳጆቻችን ከወልድያ ማዶ ናቸውና ሊመጡልን አልቻሉም፤ እኛም ሁልጊዜ አንደርስባቸውም። ዝግጅቱ ከቀትር በኋላ ሆኗል፤ ሳይመሽ ቤት መግባት ግድ ነው። የሌሊቱ ጨዋታ ይናፍቀኛል። ከኮምቦልቻ በጨረቃ እየተዘፈነ መውጣት ይናፍቀኛል። ለዚህ ነው ዘንድሮ ከምኞቶች ሁሉ መንገድን የማስቀድመው፤ ለላሊበላ ተሳላሚ፣ ለጀማ ንጉሥ ሙሪድ፣ ለባቲ ነጋዴ፣ ለዘፈን ወዳጅ፣ ለሁሉም መንገዱ ይከፈት፤ የወጣ ይመለስ።

በዓሉን የምታሳልፉ ሁሉ፣ ከቻላችሁ ዛሬ አንድ ሰው ጋ ድረሱ። በመልእክት የሚበቃ እንዳይመስላችሁ፤ ይህንም መልእክቴን ቶሎ አንብባችሁ ተነሡ።

ልጆቹ ከጥምቀት በኋላ በሚመጣው ቅዳሜ ኮምቦልቻ ናቸው። ሚኒባሱ ከፒያሳ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ይነሣል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደሴ እንመለሳለን። ወንበር ገና አልሞላም፤ ልትመጡ የምትፈልጉ በግል ጻፉልኝ። የትራንስፖርቱን ድርሻ ላልያዘ አብሽር፣ መላ አለን። ውኃ ያዙ፣ ቆሎ ያዙ፣ ጋቢ ለመመለሻ ያስፈልጋል፤ ግጥም ያላችሁ ደግሞ ግጥማችሁን ይዛችሁ ኑ። መልካም ገና።