ነጭ ዓሣ ጠለፋውን ሲሻገር ያየሁበት ጠዋት

ነገሩን የቀሰቀሰችው አሜሪካ፣ ፖርትላንድ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። ቦንቪል ከሚባለው የኮሎምቢያ ወንዝ ግድብ ቪዲዮ ላከችልኝ። ከግድቡ ጎን ደረጃ ደረጃ ያለው የውኃ መንገድ ሠርተዋል። ሳልሞኑ በዚያ ሲወጣ ሰው በመስታወት በኩል ቆሞ ያየዋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1938 ጀምሮም ይቆጥሩታል። ደጋግሜ አየሁት። ከዚያ ቆጨኝ። ጎንደር ተወልጄ አድጌ፣ የጣና ዓሣ ሲጓዝ አንድም ቀን አላየሁም።

የኛም ዓሣ ይጓዛል። ነጭ ዓሣ የምንለው፣ ሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚለው፣ ጣና ውስጥ 15 ያህል ዝርያ አለው። አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም የሉም። ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ ከሐይቁ ወጥተው መገጭን፣ ድርማን፣ ርብንና ጉማራን ሽቅብ ይወጣሉ። ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት ፈጠን ብሎ በሚወርድ ጥርት ያለ ውኃ፣ ጠጠር ላይ ነው። ደለል ከሸፈነው ዕንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። የኮሎምቢያው ሳልሞን ወልዶ ይሞታል፤ ነጭ ዓሣ ግን ወደ ጣና ተመልሶ በሌላ ዓመት እንደገና ይወጣል።

የመረጥኩት ከአዘዞ ወዲያ ወደ መገጭ በሚገባ ትንሽ ወንዝ ላይ ያለ የመስኖ ጠለፋ ነው። የወንዙን ውኃ ወደ እርሻ የሚመልስ፣ ከወገብ የማይበልጥ የኮንክሪት ግድብ ነው።

የመጀመሪያ ሁለት ጉዞዬ ከንቱ ቀረ። ሐምሌ ላይ፣ ሌሊቱን ዶፍ በጣለ ማግስት ሄድኩ። ውኃው ድፍርስ ነው፤ እንኳን ዓሣ ድንጋዩም አይታይም። ያን ቀን ደግሞ ሰማዩ እላዬ ላይ ጠራርቶ ሳለ ወንዙ በድንገት ሞላ። ዝናቡ የጣለው ላይ አገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንዙ ዳርቻ ላይ ቆሜ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ነኝ። በሁለተኛው ቀን የደረስኩት ረፋድ 4 ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ ውኃው ላይ እያብረቀረቀች ዓይኔን አጠፋችው።

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባላል። ለዓሣው ግን ገና ነው፤ እስከ ጥቅምት ድረስ ይወጣል። ከቡሄ በኋላ ሁለት ቀን ዝናብ ሳይጥል ቀረና ውኃው መጉደልና መጥራት ጀመረ። ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ፖላራይዝድ መነጽር አድርጌያለሁ። ይህ መነጽር የውኃውን ነጸብራቅ ያጠፋል፤ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ጥቁር አረንጓዴ ሹራብ ለበስኩ፤ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ዓሣውን ያስደነግጣል።

አንድ ሰዓት ሙሉ መሐሉን፣ ውኃው በኃይል የሚወርድበትን ቦታ አፍጥጬ አየሁ። ምንም የለም። ከዚያ ከጠርዙ ጥላ መሳይ ነገር ተንቀሳቀሰ። በቀኝ በኩል ግንቡ ተሰብሮ ድንጋዩ እንደ ደረጃ ተደርድሯል። ውኃው እዚያ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ዓሣው ከሥር ባለችው ጉድጓድ አረፍ ይላል፣ ይወረወራል፣ ሁለተኛዋ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ ያርፋል። ክንዴን የሚያህል አንዱ ሦስቴ ሞክሮ ሦስቴ ተመለሰ። በአራተኛው ተሻገረ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ስልኬን አውጥቼ ማንሳት እንኳ አልቻልኩም። እስከ 3 ሰዓት ሰባት ቆጠርኩ።

ቦንቪል ላይ በገንዘብ የተሠራው ነገር እዚህ በስብራት የተገኘ ነው። ጠለፋው ባይሰበር ኖሮ እነዚያ ሰባቱ ከነዕንቁላላቸው ከሥር ተኮልኩለው ይቀሩ ነበር። እዚያ የሚጠብቃቸው ደግሞ መረብ ነው፤ አንዳንዴም የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ፣ ትልቁንም ትንሹንም አንድ ላይ የሚያሰክር መርዝ። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ በአሥር ዓመት ውስጥ የጣና ነጭ ዓሣ ሦስት አራተኛው ያህል እንደጠፋ ተጠንቷል። ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ለመውለድ ሲወጣ የወንዝ አፍ ላይ በመረብ መያዙ ነው። አሁን ደግሞ ወንዞቹ ላይ ግድብ እየመጣ ነው። መስኖውን አልጠላም፤ ዘመዶቼም ገበሬዎች ናቸው። ግን ግድብ ሲነደፍ የዓሣው መንገድ አብሮ ይነደፍ።

ልሄድ ስነሳ የመስኖውን ውኃ ለገበሬው የሚያከፋፍሉት የውኃ አባት መጡ። «ምን ጠፋብህ ልጄ?» አሉኝ። ስብራቱን አሳየኋቸው። በጥቅምት ሲሚንቶ አምጥተው ሊደፍኑት አስበው ነበር። ዝም ብለው አብረውኝ ቁጭ አሉ። ትንሽ ቆይቶ ስምንተኛው መጣ፤ አልፎ ሲሄድ በዓይናቸው ተከተሉት።

«እና ስንት ብንተውለት ይበቃዋል?» አሉ።

እኔም አላውቅም ነበር። በሳምንቱ ሜትር ይዤ ተመለስኩና ስብራቱን አብረን ለካነው። ስፋቱ 65 ሳንቲ ሜትር ነው።