የግራ እግሬ አውራ ጣት

ዛሬ ጠዋት ካልሲዬን ሳወልቅ የግራ እግሬ አውራ ጣት ጥፍር አብሮ ወጣ። አላመመኝም። ጠቁሮ ሲነቃነቅ ሰንብቷል። ከሥሩ አዲሱ ብቅ ብሏል፤ ስስ ነው፣ ገና የሽንኩርት ልጣጭ ይመስላል። የአውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ እስኪተካ ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል። እኔ ግን አምና የወለቀው በቅጡ ሳይመለስ ነው እዚያው ላይ የተደገምኩት።

የመታኝ የክሪኬት ኳስ ነው። ክሪኬት እጫወታለሁ ስል ሰው «የሕንዶቹን?» ይለኛል። አዎ፣ የሕንዶቹን። ያስጀመሩኝ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ያስተማሩኝ ሕንዳዊ መምህር ናቸው። ዛሬ እኔም ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ እሳቸውን ግን አሁንም «ሰር» ነው የምላቸው። እሁድ እሁድ ፀሐይ ሳይበረታ እንገናኛለን። አንዳንዴ አሥር ሰው እንሆናለን፣ አንዳንዴ ስድስት። ድሮ የቴኒስ ኳስ በናስትሮ ጠቅልለን ነበር የምንጫወተው። እሱ ቢመታህም አቅልቶህ ያልፋል። አምና ሰር ከአገራቸው ሲመለሱ እውነተኛውን ኳስ በሻንጣ ይዘው መጡ። ውስጡ ቡሽ ነው፣ በክር ጥብቅ ተደርጎ ተጠቅልሏል፣ ከላይ ቀይ ቆዳ ለብሷል። ክብደቱ 160 ግራም ገደማ ነው። በእጅ ሲይዙት ደስ ይላል። ጣት ላይ ሲያርፍ ድንጋይ ነው።

ባት፣ ማለትም ኳሱ የሚመታበትን ጠፍጣፋ እንጨት፣ የሚይዘው ሰው ራሱ ላይ ሄልሜት ያደርጋል፣ እጁ ላይ ጓንት፣ ቅልጥሙ ላይ ፓድ። ፓዱ ወርዶ ወርዶ የእግሩን ጀርባ ሸፈን አድርጎ ያበቃል። ጣቶቹ ውጭ ቀሩ። ኳስ የሚለቁት ደግሞ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ያርከር የሚባል አለ፤ ነጥሮ አይመጣም፣ በቀጥታ እግርህ ሥር ነው የሚያርፈው። ባቱን ፈጥነህ ካላወረድክ ወይ ከኋላህ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ያገኛል፣ ያኔ ከጨዋታ ትወጣለህ፤ ወይ ጣትህን። የስሪላንካው ላሲት ማሊንጋ በልምምድ ጊዜ ጫማ መሬት ላይ አስቀምጦ እሱን መምታት ይለማመድ ነበር። ይህን መጀመሪያ ስሰማ ጣቶቼ ጫማዬ ውስጥ እጥፍ አሉ።

ትልልቆቹም አላመለጡም። በጥር 2016 ዓ.ም. ብሪስቤን ላይ የዌስት ኢንዲስ (የካሪቢያን አገሮች የጋራ ቡድን) ተጫዋች ሻማር ጆሴፍ በአውስትራሊያዊው ሚቸል ስታርክ ያርከር ጣቱን ተመትቶ ሜዳውን ለቆ ወጣ። በማግስቱ ተመልሶ ኳስ እየለቀቀ ሰባት አውስትራሊያውያንን ከጨዋታ አስወጣ። ቡድኑ በአውስትራሊያ ምድር ከ27 ዓመት በኋላ የቴስት ግጥሚያ፣ ማለትም እስከ አምስት ቀን የሚዘልቀውን የብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ፣ አሸነፈ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ማንቸስተር ላይ የሕንዱ ሪሻብ ፓንት እግሩ ላይ ተመትቶ አጥንቱ ተሰበረ። በማግስቱ እያነከሰ ወርዶ መታ። ሰር ይህን ሲያወሩ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። እኔ ግን ጫማቸውን ነው የማስበው። እነዚህ እኮ የፈለጉትን ጫማ ማግኘት የሚችሉ ሰዎች ናቸው።

ባለፈው የተመታሁ ዕለት ማታ እንቅልፍ አልነበረኝም። ጣቴ ከልቤ ጋር እኩል ይመታ ነበር። ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ራጅ ተነሳሁ፤ አጥንቱ ደህና ነው። ነርሷ በጋለ መርፌ ጥፍሩን በሳችልኝና የታመቀው ደም ፊን ብሎ ወጣ። ሕመሙ እዚያው ለቀቀኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ብስክሌት መንዳት አልቻልኩም። ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት የከለከለህ ጣት ምን ያህል እንደሚያበሳጭ የከተማው ሰው ይረዳኛል። እናቴ «ጨዋታውን ተወው» ትለኛለች ብዬ ነበር። «ጫማህን ቀይር» ነው ያለችኝ። ፍለጋውን ያስጀመረችኝ እሷ ናት።

መጀመሪያ የሞከርኩት የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉትን ሴፍቲ ጫማ ነው። በዓለም አቀፉ መስፈርት የጣት መሸፈኛው 200 ጁል ምት መቻል አለበት። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ከእኛ መካከል ፈጣኑ ሰው ኳሱን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ቢለቀው ጉልበቱ 62 ጁል ገደማ ነው። በ145 እንኳ ቢመጣ 130 አካባቢ ነው። ስለዚህ ጣቴ ይተርፋል። ግን ሮጥኩበት። በክሪኬት ኳሱን ከመታህ በኋላ ነጥብ ለማግኘት ትሮጣለህ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 20 ሜትር ነው፤ ደርሰህ ዞረህ ትመለሳለህ። እግሬ በታጠፈ ቁጥር የብረቱ ጠርዝ ጣቶቼን ከላይ ያርሳቸዋል። ከዚያ የባሰው ክብደቱ ነው። እግሬ ዘገየ። የዘገየ እግር ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው፤ ኳሱ እንጨቶቹን ሊመታ ሲል እግርህ ከከለለው ትወጣለህ።

የኳስ ታኬታም አየሁ። እሱ ጭራሽ አይሆንም፤ ፊቱ ስስ ነው፣ እግር ኳሱን እንዲያዳምጥ ተብሎ የተሠራ።

በመጨረሻ ዓባይ ማዶ ያሉ አንድ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ጋ ሄድኩ። ሴፍቲውንም ስኒከሬንም አሳየኋቸው። ክሪኬት ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ጣቴን ነው ያዩት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ስኒከሩ ጫፍ ላይ ጫን አደረጉና «ልጄ፣ ይኼ ጠቦሃል» አሉኝ። «መሸፈኛው ጣትህን ከነካማ ብረትም ቢሆን ምቱ ወዳንተ ነው የሚያልፍ። ሶሉ ላይ ነው መቆም ያለበት።»

ለካ እኔ የማስተምረው ነገር ነው! መሸፈኛው ጭነቱን ወደ ሶሉ ካላወረደው ጥንካሬው ብቻውን አይጠቅምም። በመካከል ክፍተት ያስፈልጋል። በአንድ ቁጥር ከፍ ያለ ስኒከር ገዛሁ። እሳቸው የሶል ቆዳ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ፎርማ ላይ ወጥረው፣ ሲደርቅ እንደ ቀንድ ጠንካራ የሆነ ቆብ አወጡለት። ዳርና ዳሩን ከሶሉ ጋር ሰፉት። የሚታጠፈውን የእግር ክፍል አልነኩትም። ስፌታቸውን አይቼ አልጠገብኩም።

ትናንት ማታ ግቢ ውስጥ ፈተንኩት። በሦስቱም ጫማዎች ጫፍ ውስጥ በጣት ቅርጽ የሸክላ ጭቃ አስገባሁ። አምስት ኪሎ ብረት ተውሼ ከ1 ሜትር ከ25 ሳንቲም ላይ ለቀቅኩባቸው፤ ይህ 61 ጁል ይሆናል። ብረት ሲወድቅና ትንሽ ኳስ በፍጥነት ስትመጣ አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለማነጻጸር ግን ይበቃኛል። ተራው ስኒከር ውስጥ የነበረው ጭቃ እንደ ቂጣ ተዘረጋ። የሴፍቲው ምንም አልሆነም። የቆዳው ከላይ ብቻ ትንሽ ሰርጎድ ብሏል።

ትንሽዋ መሰርጎድ አሳስባኛለች። ግን ያንን ጫማ አድርጌ በግቢው ስሮጥ እግሬ እግሬን ይመስላል። እሱን መርጫለሁ።

ሰር ዛሬ ጫማውን አገላብጠው አዩትና እግሬን ገና ኳሱ ሳይለቀቅ እንደምተክለው፣ ተክዬም እንደምጠብቅ ነገሩኝ። ሁለቱንም ጊዜ የተመታሁት ቆሞ በሚጠብቅ እግር ነው። ውላቸው ሰኔ ላይ ያልቃል፤ ወደ አገራቸው ይገባሉ። እስከዚያ እሁድ እሁድ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ቀድመን ልንገናኝ ተስማምተናል። እሳቸው ያርከር ብቻ ይለቁልኛል፣ በቴኒስ ኳስ። እኔ እግሬን አነሳለሁ።

ማታ ወደ ቤት ስመለስ ሁለት ጥቅል ናስትሮ ገዛሁ።