የአባዬ የአሰብ ደብተሮች

ይህን የምጽፈው ወደ ኮምቦልቻ በምትወርድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ሐረጎ ላይ ጉም ወርዷል። ሾፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ይነዳል። ቤታችን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው። ሥራዬ ኮምቦልቻ። በየቀኑ ይህን ጠመዝማዛ እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። ለመጻፍ የማገኘው ጊዜም ይኸው ነው።

እህቴ ከጅዳ ደውላ "ምን አስጀመረሽ? ድሮ ደብዳቤ እንኳ አትጽፊም ነበር" አለችኝ። በስልክ መመለስ አቃተኝ። እዚህ ልንገራት።

አባዬ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። በእኛ ሰፈር ይሄ ራሱን የቻለ ማዕረግ ነው። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ በኩል ወደ አፋር በረሃ ይወርዳል። ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰርዶ፣ ኤሊዳር፣ ቡሬ፣ ከዚያ አሰብ። ሲመለስ ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ታስታውሻለሽ፣ ቴምሩን ከመቀመጫው ሥር ነበር የሚያወጣልን።

ደብተር ነበረው። ተራ ባለ 50 ቅጠል ደብተር። ቀኑን፣ የጫነውን፣ የት እንዳደረ፣ ጎማ የት እንደፈነዳበት ይጽፍበታል። የተማረው እስከ 4ኛ ክፍል ነው፤ ጽሕፈቱ ግን ልቅም ያለ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ 11 ደብተር ሞላ። ግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የአባዬም ጽሑፍ እዚያው ላይ ቆመ። ደብተሮቹን በላስቲክ ጠቅልሎ በእማዬ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አስቀመጣቸው።

እኔ አውጥቼ ያየሁት አንዴ ብቻ ነው። የ1977ቱን። "ስንዴ። ከአሰብ ኮምቦልቻ። ባቲ መጠለያው ጋ ቆምን። ሰው መንገድ ዳር ተኝቷል። እህል አልወርድ አለኝ" ይላል። ከዚያ በታች አንድ መስመር ባዶ ትቷል። ከባዶው በታች የሌላ ቀን ጭነት ይቀጥላል። ስለዚያች ባዶ መስመር ልጠይቀው አስቤ ነበር። ፈተና ደርሶብኝ ተውኩት። በዚያው ቀረ።

የ2014ቱን አንቺም ታውቂዋለሽ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሌሊት ወጣን። የእማዬን መድኃኒት ያዝን፣ ብርድ ልብስ ያዝን። ደብተር ማን ያስባል? አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ከረምን። ስልክ ተቋርጦ እዚህ የቀሩትን ጎረቤቶች ድምፅ እንኳ መስማት አልቻልንም። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ በሩ ተገንጥሏል፤ ሣጥኑ ተገልብጧል። ልብሱም የለም፣ ደብተሮቹም የሉም። ግቢው ጥግ ላይ እሳት ነድዶበት የቀረ አመድ ነበር። አባዬ አመዱን በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎ አየው። "አብሽሪ፣ ነፍሳችን ተርፏል" አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከ20 ዓመት በላይ እኮ እዚያ ሣጥን አጠገብ ተኝቻለሁ። እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር። የዘረፈውን ሰው ረግሜ ሲወጣልኝ፣ ያላነበብኩት እኔው መሆኔ ግን ውስጤ ቀረ። እሱን ማንም ላይ ማላከክ አልቻልኩም።

የጀመርኩት ከዚያ ነው። ማታ ቡና ተፈልቶ ቶናው ላይ ስንደርስ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ። አንድ ብቻ፣ እንዳይደክመው። የነገረኝን ስልኬ ላይ እጽፋለሁ፤ ጠዋት መኪና ውስጥ አስተካክዬ ኢንተርኔት ላይ አወጣዋለሁ።

እንደ እሱ ደብተር ላይ ለምን አልጻፍሽም ትይኝ ይሆናል። ደብተር አንድ ነው። አንድ ቤት፣ አንድ ሣጥን፣ አንድ ክብሪት ነው የሚበቃው። እዚህ ያወጣሁትን ግን አንቺ ጅዳ ሆነሽ ታነቢዋለሽ። ለጓደኛሽ ትልኪዋለሽ። እኔ ጋ ቢጠፋ እናንተ ጋ አለ። በፊደላችን የምጽፈውም ለዚህ ነው። እኔና አንቺ በላቲን ፊደል "እንዴት ነሽ" መባባል ለምደናል። የአባዬን ነገር በዚያ ልጽፍ ሞክሬ አልሆነልኝም። "ተ" እና "ጠ" ሳይለዩ ተራራችን ጦሳ እንዴት ይጻፋል?

ደግሞ የምቸኩልበት ምክንያት አለኝ። ላንቺ አልነገርንሽም እንጂ አባዬ መርሳት ጀምሯል። ሚሌንና ሎጊያን ያቀያይራል። ባለፈው ወር የረዳቱን ስም ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈልግ ሰነበተ። ሲያገኘው "እንዴት ያለ ልጅ ነበር መሰለሽ" ብሎ እንባው መጣ።

ስለ ባዶዋ መስመርም ጠየቅኩት። ሲኒውን አስቀመጠ። ብዙ ቆየ። "ዛሬ አይሆንም፣ ልጄ" አለኝ። እሺ አልኩት። ቀን አለን ብዬ ነው።

ትናንት ማታ ደግሞ የጻፍኩትን ሳነብለት ድንገት አስቆመኝ። "ባቲ ላይ ጎማ የፈነዳብን ሰኞ ነው ብለሻል?"

"አንተ ነህ ያልከኝ።"

"ሰኞማ ባቲ ገበያ ነው። ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ሰዉ መንገዱን ሞልቶት፣ እንኳን ጎማ ልንቀይር መቆሚያም አናገኝም ነበር። ማክሰኞ ነው። አስተካክዪው።"

ኮምቦልቻ ልንገባ ነው። ማክሰኞ ብዬ አስተካክዬዋለሁ።