ለጺማሙ እንሽላሊት ቤት ስሠራ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ጺማሙን እንሽላሊት (ቢርድድ ድራገን) ለምታሳድጉ ወይም ለማሳደግ ለምታስቡ ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በዊንተር ብርዱ አይጣል ነው፤ የዚህ እንሽላሊት አገር ደግሞ የአውስትራሊያ ደረቅ መሬት ነው። ስለዚህ ሥራውን የጀመርኩት ከእንጨቱ ሳይሆን ከመብራቱ ነው። ሙቀቱና ጨረሩ የት እንደሚያርፍ ሳይወስኑ እንጨት መቁረጥ ኋላ ያስቸግራል።

ለአንድ አዋቂ ቢያንስ 120 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ደስ የሚለው፣ አንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ (122 በ244) ለዚህ ይበቃል። በቁመቱ አራት ቦታ ሲቆረጥ ሦስቱ ወለል፣ ጣሪያና ጀርባ ይሆናሉ። አራተኛው ለሁለት ተከፍሎ የግራና የቀኝ ጎን ይወጣዋል። ፊቱ ተንሸራታች መስታወት ነው። በሩ ከፊት መሆኑን እወደዋለሁ፤ ከላይ የሚወርድ እጅ እንደ አሞራ ያስደነግጠዋል።

ውስጡን ውሃ ወለድ ቫርኒሽ ሦስት እጅ ቀባሁትና ሽታው እስኪጠፋ ክፍት ተውኩት። መጋጠሚያዎቹን በሲሊኮን ደፈንኩ። ለእንሽላሊቱ ለቀለብ የምንሰጠው ክሪኬቶች (ፌንጣ መሰል ነፍሳት) ስንጥቅ ካገኙ ይደበቃሉ፤ ሌሊት ወጥተው የተኛውን እንስሳ ሊነክሱት ይችላሉ። የአየር ቀዳዳ በቀዝቃዛው ጎን ዝቅ፣ በሞቃቱ ጎን ከፍ አድርጌ በስቼ በወንፊት ሽቦ ሸፈንኳቸው። ሙቅ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛውን ከታች ይስባል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ዩቪቢ (በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለ፣ በዓይን የማይታይ ጨረር) በእንሽላሊቱ ቆዳ ውስጥ ቫይታሚን ዲ3 እንዲሠራ ያደርጋል። ያ ከሌለ ካልሲየም ብታበሉትም ሰውነቱ በቅጡ አይጠቀምበትም። አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጣመማል፣ መንጋጋው ያብጣል። መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ መፍትሔ አይሆንም፤ ተራ መስታወት ዩቪቢን ከሞላ ጎደል ያግዳል። የወንፊት ክዳንም ጨረሩን ይቀንሳል። ስለዚህ ዩቪቢ የሚሰጠውን ረጅም የቲ5 መብራት (ቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦ) ጣሪያው ላይ ከውስጥ አሰርኩት፤ እንስሳው ከሚሞቅበት ድንጋይ 38 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሙቀት የሚሰጠው የሃሎጅን አምፖልም እዚያው ጎን ነው፤ ፀሐይ ሙቀትና ጨረሯን አንድ ላይ አይደል የምትሰጠው? የአምፖሉ መያዣ ሴራሚክ ነው፤ ፕላስቲክ ይቀልጣል። እንስሳው እንዳይቃጠል አምፖሉን በሽቦ አጠርኩት።

ከዚያ ባዶውን ቤት አብርቼ መለካት ጀመርኩ። ከድንጋዩ የምፈልገው 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ከቀዝቃዛው ጎን 25 ነው። የድንጋዩን ሙቀት የምለካው በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የአየሩን እንጂ የድንጋዩን አይነግራችሁም። በ100 ዋት አምፖል ድንጋዩ ከ48 አለፈ። በ75 ዋት ቀይሬ ቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ) ስጨምርበት ተስተካከለ። እባካችሁ ይህን ሙከራ እንስሳው ሳይገባ አድርጉት። መብራቱ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይበራል፣ ሌሊት ሙሉ ጨለማ ነው። ቀይ አምፖል አያስፈልገውም።

ወለሉ ላይ ሻካራ ሴራሚክ አነጠፍኩ፤ ለማጽዳት ቀላል ነው፣ ጥፍሩንም ይሞርድለታል። የቀረኝ የጀርባው መወጣጫ ነው። ከፎም ቀርጬ በሴራሚክ መሙያ ሲሚንቶ ልለብጠው አስቤያለሁ። እንዲህ ዓይነት የሠራችሁ ካላችሁ፣ ሲሚንቶው በሙቀት እንዳይሰነጠቅ ምን እንደቀባችሁበት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።