ስቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት ማሳውን ፈትሹ

የኋላ መብራት ሲበላሽ ብዙ ሰው በቀጥታ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ወርዶ ሙሉ ስቶፕ (የኋላ መብራቱን ከነፕላስቲኩ) ይጠይቃል። ፕላስቲኩ በግጭት ካልተሰበረ በቀር ይህ ብር መበተን ነው። ባለ አምፖል ስቶፕ ውስጥ የሚበላሸው አምፖሉ፣ ሶኬቱ፣ የማሳ መስመሩ (ኤሌክትሪኩ በላሜራው በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት) ወይም ጎሚኒው (ውሃ የሚከለክለው የጎማ ማሸጊያ) ነው፤ አራቱም ለየብቻቸው ይጠገናሉ።

መጀመሪያ ምልክቱን እዩ። ፍሬን ሲያዝ የግራውም፣ የቀኙም፣ መስታወቱ ጋ ያለው ሦስተኛውም ካልበሩ አምፖል አትንኩ፤ ሦስት አምፖል በአንድ ቀን አይቃጠልም። ፊውዙን አውጥታችሁ እዩት (አብዛኛውን ጊዜ ቀዩ 10 ወይም ሰማያዊው 15 አምፔር ነው)። እሱ ደህና ከሆነ ከፍሬን ፔዳሉ በላይ ያለውን ስዊች ፈትሹ። ሦስተኛው በርቶ የታችኞቹ ከጠፉ ግን ስዊቹ ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ ችግሩ ከኋላ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ፤ ሞተር ጠፍቶ፣ ቁልፍ ተነቅሎ የፍሬን መብራቱ አልጠፋም ይላል። የዚህ መንስኤ በአብዛኛው ፔዳሉ ላይ ያለች፣ የስዊቹን ጫፍ የምትገፋ ትንሽ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ ናት። ስታረጅ ተፈርፍራ ትወድቅና የስዊቹ ጫፍ በባዶው ቀዳዳ ያልፋል፤ ሲነጋ ባትሪው ሞቷል። ቁራጯ ርካሽ ናት። እስክትገኝ ድረስ ቀዳዳው ውስጥ ብሎን ከነዳዶው ማሰር ይበቃል።

ብዙ ኤሌክትሪሺያን የሚያሳስተው የማሳ ችግር ነው። ፍሬን ስትይዙ ፍሬቻው በደብዛዛው አብሮ ከበራ፣ ወይም የሌሊት መብራት በርቶ ፍሬን ሲያዝ ያ ወገን ከመድመቅ ይልቅ ከደበዘዘ፣ ማሳው ላልቷል ወይም ዝጓል። አንድ ስቶፕ ውስጥ ያሉ አምፖሎች አብዛኛውን ጊዜ ማሳ ይጋራሉ። ያ መስመር ሲዳከም የፍሬኑ ኤሌክትሪክ መመለሻ ፍለጋ በጎረቤቱ አምፖል ክር በኩል ያልፋል፤ መብራቶቹ የሚቀላቀሉት በዚህ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ፤ ጥቁሩን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን የሶኬቱ ማሳ እግር ላይ ያዙና መብራቱን አብሩ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው መጽዳት አለበት። ባትሪው ከፊት ስለሆነ ረዘም ያለ ሽቦ ያስፈልጋል። የማሳ ሽቦው የታሰረበትን ብሎን ፈትታችሁ ላሜራው እስኪያበራ ፈግፍጉ፣ አጥብቁ፣ ከላይ ትንሽ ግራሶ ቀቡ። በላሜራ ብሎን አዲስ ቀዳዳ ቀድዶ «አዲስ ማሳ» ማሰር የተለመደ ነው፤ ቀዳዳው ቀለም ካልተቀባ ዝገት እዚያው ይጀምራል።

አምፖል ላይ ስህተቱ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። የፍሬንና የሌሊት መብራት አንድ ላይ ከሆኑ አምፖሉ ባለ ሁለት ክር፣ 21/5 ዋት ነው፦ 21 ዋቱ ለፍሬን፣ 5 ዋቱ ለሌሊት። ክቡ ዓይነት (1157 የሚባለው) ጎንና ጎኑ ላይ ያሉት ጉጦች ከፍታቸው እኩል አይደለም፤ አንዱ ወደ ታች ዝቅ ያለ ነው። አልገባ ሲል በጉልበት ገልብጦ ያስገባ ሰው የሌሊት መብራቱን በ21 ዋት ያበራል፤ ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ከኋላው ያለ ሾፌር ምንም ለውጥ አያይም። ገፍተው በማዞር የሚያወጡት ይሄኛውን ነው፤ ጠፍጣፋ እግር ያለውን (7443) ግን ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው።

አዲስ አምፖል ቶሎ ቶሎ ከተቃጠለ ወይም መታ ሲያደርጉት የሚበራ ከሆነ ሶኬቱን እዩ። የላላ እግር ይሞቃል፤ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያቀልጣል፤ የቀለጠው ደግሞ እግሩን ይበልጥ ያላላል። ጥቁረቱ ቀላል ከሆነ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ፣ እግሩን በቀጭን ካቻቢቴ ትንሽ ወደ ውስጥ መግፋት ይበቃል። ፕላስቲኩ ከቀለጠ ግን ሶኬቱን ብቻ ከአሮጌ ስቶፕ አስነቅሉ።

ወደ ውሃው እንምጣ፤ ክረምት ላይ ዋናው ቅሬታ ይሄ ነውና። ጠዋት የሚታይ፣ መብራቱ ሲሞቅ የሚጠፋ ስስ ጉም ምንም አይደለም፤ ስቶፕ መተንፈሻ ቀዳዳ አለው። ከታች ውሃ ከተጠራቀመ ግን ወይ ጎሚኒው ተጨፍልቋል፣ ወይ መተንፈሻው በጭቃ ተደፍኗል፣ ወይ ፕላስቲኩ መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቋል። ላቫጆ ውስጥ የግፊት ውሃውን ከቅርብ መጋጠሚያው ላይ መልቀቅ ያባብሰዋል። ዙሪያውን በሲሊኮን መለሰን የሰፈር መፍትሔ ነው፤ እኔ አልመክረውም። መተንፈሻውን ስለሚደፍን የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስቶፑን ለማውጣት መስበር ይመጣል። አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት፤ ላሜራውን በአልኮል አጽዱ፤ አዲስ ጎሚኒ ወይም ጥቁሩን የሚለጠጥ ማሸጊያ አድርጉ። የኋላውን ምንጣፍ ገልጣችሁ ስኮርት ጎማው ያለበትን ጉድጓድም እዩ፤ እዚያ የተኛ ውሃ ብዙ ጊዜ የሚገባው በስቶፑ ጎሚኒ በኩል ነው። ፕላስቲኩን በቤንዚን ወይም በቲነር የሚያጸዳ ሰው ካጋጠማችሁ አስቁሙት፤ በቀጫጭን ስንጥቆች ይሞላል።

ማውጣቱ ከባድ አይደለም። ሴዳን ከሆነ የኋላ ኮፈኑን ከፍቶ የውስጥ ልብሱን ክሊፕስ መንቀል፣ የሽቦውን ማገናኛ ማላቀቅ፣ ከዚያ ዳዶዎቹን መፍታት ነው፤ ቶዮታ ላይ በብዛት 10 ቁጥር ናቸው። እንደ ቪትዝ ያሉት ላይ የኋላ በሩን ስትከፍቱ ጠርዙ ላይ ሁለት ብሎን ታገኛላችሁ፤ እነሱ ከተፈቱ በኋላ ስቶፑን ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ መሳብ እንጂ ማጣመም የለም፤ ከውጭ በኩል በፕላስቲክ ጉጥ ስለተያዘ ይሰበራል። ስትመልሱ ዳዶውን በእጅ አስይዛችሁ በቁልፍ ጥቂት ብቻ አጥብቁ። ከልክ በላይ የጠበቀ ዳዶ ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል፤ ውሃም የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

መግዛት የግድ ከሆነ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ፕላስቲኩ ላይ የታተመውን ቁጥር አመሳስሉ፤ የአንድ ሞዴል የመጀመሪያውና የተሻሻለው ምርት በፎቶ ተመሳስለው ጉጣቸው ላይገጥም ይችላል። ኮይቶ ወይም ስታንሊ የሚል ጽሑፍ ያለው የጃፓን ኩባንያ ሥራ ነው፤ ዴፖና ቲዋይሲ የታይዋን ናቸው፣ አያሳፍሩም። ምንም ጽሑፍ ከሌለው አዲስ ይልቅ ትንሽ የተጫጫረ ያገለገለ ኦሪጅናል ይሻላል፤ ርካሹ ላይ ጎሚኒው ስስ ነው፣ ቀዩም ቶሎ ይነጣል። ኤልኢዲ ስቶፕ ውስጡ ሲቃጠል ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን መቀየር ነው።

ባለ አምፖሉ ላይ ኤልኢዲ አምፖል ማድረግ ከፈለጋችሁ ከቀይ ፕላስቲክ ጀርባ ቀይ ኤልኢዲ አድርጉ፤ ነጩ ደብዝዞ ሮዝ ይመስላል። ፍሬቻ ላይ ሲገባ ብልጭታው ይፈጥናል፤ መኪናው አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋልና። ለዚህ የሚታሰረው 6 ኦም ሬዚስተር በጣም ስለሚሞቅ ላሜራ ላይ እንጂ ፕላስቲክ ወይም ሽቦ ላይ አይታሰርም።

ጨርሳችሁ ስትገጥሙ ረዳት ካጣችሁ ወንበሩና ፔዳሉ መካከል እንጨት ደግፋችሁ ዞራችሁ እዩ። የሌሊቱን ብቻ፣ ከዚያ የሌሊቱንና ፍሬኑን አንድ ላይ፣ ከዚያ ፍሬቻውን ጨምሩ፤ ማሳው ደካማ ከሆነ የሚያጋልጠው ሦስቱም አብረው ሲበሩ ነው።