ቢራቢሮ የሌለበት የቢራቢሮ መናፈሻ

ቢሾፍቱ አንድ ሎጅ ውስጥ የግቢ ውበት ኃላፊ ሆኜ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። «ቢራቢሮ የሚርመሰመስበት መናፈሻ እፈልጋለሁ፤ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል» አለኝ። ቀላል መሰለኝ። አበባ ካለ ቢራቢሮ መች ይጠፋል?

ከችግኝ ጣቢያ ዓይን የሚስበውን ሁሉ አስጫንኩ። ድርብርብ ጽጌረዳ፣ ድርብ ፔቱኒያ። ከሕንጻው ጥላ ሥር ተተከለ። ሲያብብ ያየው ሁሉ አደነቀ። ቢራቢሮ ግን የለም! አንዲት ነጭ መጥታ ዞር ዞር አለችና አጥሩን ተሻግራ ሄደች።

አንድ ቀን አራት ሰዓት ገደማ ሻይ ልጠጣ ከማብሰያ ቤቱ ጀርባ ሄድኩ። እዚያ አትክልተኛው ጋሼ ለወጥም ለመድኃኒትም የሚሆን ነገር ይተክላሉ። በሶብላ፣ ዳማከሴ፣ ዳር ላይ ግራዋ። ፀሐዩ ሞቆ፣ በሶብላው አብቦ፣ ላዩ ላይ ቢራቢሮው ብዛቱ! ቁጢጥ ብዬ አንዷን አየሁ። ተጠቅልሎ የነበረውን ቀጭን ምላሷን ዘርግታ ከአንዷ ጥቃቅን አበባ ወደ ሌላዋ እየሰደደች ትመጣለች።

«የኔ ልጅ፣ ያንቺን አበባ ገልጠሽ አይተሽዋል?» አሉኝ ጋሼ። አንድ ጽጌረዳ ቀጥፈው እንደ ሽንኩርት ይልጡት ጀመር። ቅጠል፣ ከሥሩ ቅጠል፣ ከሥሩም ቅጠል። እኔ እኮ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄያለሁ! አበባ ድርብ እንዲሆን ሲዳቀል የወንዴ ክፍሉ ወደ አበባ ቅጠልነት እንደሚለወጥ፣ የሚቀሰመው ነገር እንደሚያንስ፣ ያለውም በቅጠሉ ብዛት እንደሚዘጋ በፈተና ላይ ጽፌዋለሁ።

ከዚህ የባሰው የሎሚው ነገር ነው። ከሳምንት በፊት የሎሚው ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ የመሰሉ ነገሮች ሲንቀሳቀሱ አይቼ ፀረ ተባይ አስረጭቻለሁ። ለካ የአንዲት ጥቁር፣ ቢጫ ጠቃጠቆ ያላት ትልቅ ቢራቢሮ አባጨጓሬዎች ኖረዋል። በልጅነታቸው ኩስ የሚመስሉት ወፍ እንዳይለቅማቸው ነው፤ ሲያድጉ አረንጓዴ ይሆናሉ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ኃላፊዋ አንቺ ነሽ። ጠየቅሽኝ?»

አልጠየቅኩም።

አዲሱን መደብ ፀሐይ ላይ ሠራነው፤ ቢራቢሮ ሰውነቷ ካልሞቀ አትበርም። ዘለላ ሆኖ የሚያብብ ፔንታስ፣ ነጠላ ዚኒያ፣ በሶብላ በብዛት ተከልን። ላንታና የሚባለውን ቁጥቋጦ ቢራቢሮ ይወደዋል፤ ግን የምሥራቅ ኢትዮጵያን የግጦሽ መሬት እንዴት እንደወረረ ስለማውቅ ተውኩት። መርጫውን መጋዘን አስገባሁ።

ከክረምቱ በኋላ መጡ። ሥራ አስኪያጁ «የሎሚው ቅጠል ለምን ተበሳሳ?» ብሎ ሁለቴ ጠይቆኛል። ሙሽሮቹ ደግሞ አሁንም ፎቶ የሚነሱት ጽጌረዳው ጋ ነው።