ልጄና ጉጉቷ

እዚህ አሜሪካ፣ አን አርበር ከተማ ዛሬም በረዶ ነው። እኛ ቤት ግን ወሬው ሁሉ ሰመር ካምፕ፣ ልጆች በበጋው ትምህርት ሲዘጋ የሚውሉበት ፕሮግራም፣ ሆኗል። እዚህ ምዝገባ የሚጀምረው ገና በብርዱ ነው፤ የዘገየ ቦታ አያገኝም። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከተማ ስለሆነ ምርጫው ለጉድ ነው። ኮዲንግ (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ) በሉት፣ ሮቦት፣ ሙዚቃ፣ ስፖርት። የእኔ ልብ ኮዲንጉ ላይ ነበር።

ከሰዓት ልጄን ሌስሊ የሳይንስና ተፈጥሮ ማዕከል ወሰድኳት። ከሽቦው ማዶ አንዲት ጉጉት አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ አየቻት። ልጄ ትንፋሿን ውጣ ቆመች። አፍንጫዋ በብርድ ቀልቷል፣ ንቅንቅ አላለችም። ቤት ውስጥ አምስት ደቂቃ አትቀመጥም እኮ!

"እማዬ፣ ትምህርት ሲዘጋ እዚህ ልምጣ?" አለችኝ።

ማታ የማዕከሉ ካምፕ ውስጥ አስመዘገብኳት። ኮዲንጉ ይደርሳል። አሁን ተኝታለች፤ ትራሷ ስር የጉጉት ስዕል አለ።